የአድማሱ ደም

ሥራ ያቆምኩት ባለፈው ሐምሌ ነው። ያስቆመኝ ዓይኔ ነው። በማይክሮስኮፕ ሳይ መሐሉ ላይ ጢስ የመሰለ ነገር ይመጣብኝ ጀመር። ጢሱ ከመስታወቱ ይሁን ከዓይኔ ለመለየት ሁለት ወር ፈጀብኝ። ከዓይኔ ነበር።

ሱዳን፣ ገዳሪፍ ከተማ የሠራሁበት ላቦራቶሪ ባለቤት ደግ ሰው ነው። ሻይና ጣፋጭ አስመጥቶ አሰናበተኝ። አብረውኝ የሚሠሩት ወጣቶች ንግግር አድርግ አሉኝ። ተነሥቼ ስለ ሥራዬ ትንሽ አወራሁ፤ አጨበጨቡልኝ። ስቀመጥ ግን ዋናውን ነገር እንደተውኩት ታወቀኝ። ስለ ወንድሜ አልተናገርኩም። ስለዚህ እጽፈዋለሁ።

ትምህርቴ እስከ አሥራ አንደኛ ክፍል ነው። መጻፍ አልለመድኩም። ዕድሜዬን ሙሉ የጻፍኩት የሰው ስምና ከጎኑ አንድ ቃል ነው፤ «አለበት» ወይም «የለበትም»።

ወንድሜ አድማሱ ይባላል። በአራት ዓመት ይበልጠኛል፤ ጋሼ እያልኩ ነው የምጠራው። ከመተማ በታች፣ ቆላው ላይ ነው የተወለድነው። ቀጭን ነበር፤ እግሩ ረጅም፣ የዓይኑ ነጭ ሁልጊዜ ወደ ቢጫ የሚያደላ። ሲያወራ ሰው ያስቃል። ነገር ግን ፀሐይ ላይ ብዙ ከሠራ ወይም የቅዝቃዜ ወራት ሲገባ አጥንቱን ይቆረጥመዋል። ያኔ የያዘውን ያስቀምጥና ቁጭ ይላል። አንዳንዴ ግማሽ ቀን፣ አንዳንዴ ሦስት ቀን።

አባታችን ክፉ ሰው አልነበረም። ስድስት ልጅ የሚያበላ ገበሬ ነው፤ የሚቀመጥ ልጅ አይገባውም። «ሰነፍ ወለድኩ» ይል ነበር፤ በሰው ፊት። አንድ ክረምት እርፉን ከአድማሱ እጅ ተቀብሎ ለእኔ ሰጠኝ። እኔ ገና አሥር ዓመት አልሞላኝም። አድማሱ ዘሩን ይዞ ከኋላዬ መጣ።

አድጎ ወደ ሱዳን ለሰሊጥ አጨዳ መውረድ ሲጀምርም ያው ነው። የሥራ ጓደኞቹ «ሙሽራው» የሚል ስም አወጡለት፤ ሌላው ሲሠራ እሱ ስለሚቀመጥ። ይስቅ ነበር። ለእኔ ግን ከሳቁ በኋላ አንድ ነገር ይለኛል። «ታምሜ ነው የምቀመጠው ወይስ ሰንፌ? እኔ ራሴ አላውቅም እኮ!» ይህን ነው ማወቅ የፈለገው። ገንዘብ አልፈለገም፣ ሌላም አልፈለገም።

በሰባ ሰባቱ ረሃብ ትምህርቴን ትቼ ወደ እሱ ወረድኩ። ዶካ ገበያ ላይ ተገናኘን። እጄን አገላብጦ አየና፣ «ይህ የእስክሪብቶ እጅ ነው፤ ሰሊጥ ውስጥ አታስገባው» አለኝ። ከገዳሪፍ በስተምሥራቅ አንድ የስደተኞች ካምፕ ውስጥ ማንበብ የሚችል ሰው ይፈለጋል መባሉን ሰምቶ ኖሮ በሎሪ ጭኖ ላከኝ። በመጀመሪያው ዓመት የተከፈለኝ በማሽላና በዘይት ነው፤ ደመወዝ የሚባል የመጣው ቆይቶ ነው።

ላቦራቶሪው ግድግዳው ሰሌን፣ ጣሪያው ሣር የሆነ አንድ ክፍል ነበር። ማይክሮስኮፑ በመስታወት የፀሐይ ብርሃን ተቀብሎ ነው የሚሠራው፤ ደመና ከመጣ ቁጭ ብለን እንጠብቃለን። የተመደብኩት ከአንድ ሱዳናዊ አዛውንት ጋር ነው፤ ሐሰን ይባላል። ሁላችንም ዓም ሐሰን እንለው ነበር፤ አጎታችን እንደማለት ነው። ከመተማ ማዶ ድንበሩ ላይ፣ ጋላባት ብዙ ዓመት ስለሠራ አማርኛ ይችላል። ሲናደድ ብቻ ወደ ዓረብኛው ይመለሳል።

በመጀመሪያው ወር ስላይድ፣ ደም የሚዘረጋበትን መስታወት፣ እጠብኩ፤ ሌላ አልሠራሁም። ያጠብኩትን ዓም ሐሰን ወደ ሰማይ አንሥቶ ያያል። የጣት አሻራ ካገኘበት ዝም ብሎ ወደ ባልዲው ይመልሰዋል። ቀጥሎ ደም መዘርጋት አስተማረኝ። ጠብታዋን በሌላ ስላይድ ጠርዝ ገፋ አድርገህ በአንድ ትንፋሽ መሳብ ነው፤ ከቆምክ ይጠራቀማል፣ ከተጫንክ ሴሎቹ ይለጠጣሉ። ጥሩ የተዘረጋ ደም ጫፉ ላይ እንደ ምላስ ይሳሳል። ስድስት ወር ፈጀብኝ።

አንድ ቀን አንዲት ትግርኛ ተናጋሪ እናት ልጇን ይዛ መጣች። የልጁ ሁለት እጅና ሁለት እግር አብጧል። ሐኪሟ የውጭ አገር ሰው ነበረች፤ በዚያ ዓመት ያበጠ ልጅ ሁሉ የረሃብ እብጠት ነው፣ እሷም እንዲያ ጽፋ ላከችው። ዓም ሐሰን የልጁን ጣት ነካ ሲያደርገው ልጁ ጮኸ።

«የረሃብ እብጠት አያምም» አለኝ። «ጣትህን ብትጫነው ይሰረጉዳል እንጂ አያስጮህም። ይህ ሌላ ነው።»

ከነጭ ዱቄት በትንሽ ማንኪያ ጫፍ ቆነጠረና በተለካ ውሃ በጠበጠ። ዱቄቱ ሜታባይሰልፋይት ይባላል። ሥራው ከደም ላይ ኦክስጅን መንጠቅ ነው። ከልጁ ደም አንድ ጠብታ፣ ከውሃው አንድ ጠብታ፣ በላዩ ስስ ክዳን መስታወት፤ አየር እንዳይገባ ዙሪያውን በቫዝሊን ዘጋው። ከዚያ የገረመኝን ነገር አደረገ። የራሱን ጣት ወጋና በሌላ ስላይድ ላይ ያንኑ ደገመ።

«አንተም ታመሃል?» አልኩት።

«አልታመምኩም። የዚህ የደም ሕመም ግማሹ አለብኝ፤ ከእናቴ ብቻ ነው የወረስኩት። ከሁለቱም የወረሰ ነው የሚታመመው። የእኔ ደም ግን በዚህ ውሃ ውስጥ መጣመም አለበት። ካልተጣመመ ውሃው ሞቷል ማለት ነው። መጀመሪያ ውሃውን ጠይቅ፣ ከዚያ በሽተኛውን።»

አንድ ሰዓት ጠበቅን። ከጊዜው በፊት አያይም ነበር፤ ተጣጥቦ ሰግዶ ተመለሰ። ከዚያ እንዳይ ፈቀደልኝ። ክብ የነበሩት የልጁ ቀይ ሴሎች እንደ ማጭድ ሆነዋል። ጫፋቸው ሾሏል።

«ምን ነካቸው?» አልኩት።

ጥምጣሙን ከራሱ ፈታ። አራት ክንድ የሚሆን ነጭ ጨርቅ ነው። «ይኸውልህ ሄሞግሎቢን» አለ። «ኦክስጅን የሚሸከመው ፕሮቲን ማለት ረጅም ሰንሰለት ነው። እንዲሁ ተዘርግቶ ምንም አይሠራም። ተጠማጥሞ፣ ታጥፎ፣ ተቆልፎ ቅርጹን ሲይዝ ነው ሥራ የሚሠራው። ጨርቁ ያው ጨርቅ ነው፤ ጥምጣም የሚያደርገው አጠማጠሙ ነው።» ከአጥሩ አንድ እሾህ ሰበረና ጨርቁ ላይ ሰካ። «አሁን ከሰንሰለቱ ቅንጣቶች አንዷ በሌላ ተተካች። አንዷ ብቻ ናት። እሾሁ ወደ ውጭ ወጥቷል፤ ኦክስጅን እስከያዘ ድረስ ግን ማንንም አይዝም።» መልሶ ጠመጠመ። «ኦክስጅኑን ሲያስረክብ አጠማጠሙ ትንሽ ይላላል፣ ይዞራል። ጎኑ ላይ ጎድጓዳ ይከፈታል። የጎረቤቱ እሾህ እዚያ ይገባል።»

ራሱን ወደ ራሴ አስጠጋና እሾሁን እኔም ራሴ ላይ በጠመጠምኩት ነጠላ እጥፋት ውስጥ አስገባው። ሐኪሟ ስትገባ ሁለት ሰው ራስ ለራስ ተጣብቆ አገኘች።

«ሥራ ላይ ነን» አላት ዓም ሐሰን።

እሷ ከሄደች በኋላ ጨረሰልኝ። እነዚህ ጥምጣሞች ሺህ በሺህ ሲያያዙ ገመድ ይሆናሉ፤ ገመዱም የተጠመዘዘ ነው፣ ደረቅ ነው። ክቡን ሴል ከውስጥ ወጥሮ ያጣምመዋል። የተጣመመው ሴል በቀጭን የደም ሥር ማለፍ አይችልም። እዚያ ይዘጋል። አጥንት ውስጥ ከዘጋ ቁርጥማት ነው፤ ሳንባ ውስጥ ከዘጋ የከፋ ነው። ጥማትና ድካም ያባብሱታል። በትምህርት ቤት ስለ ሞለኪዩል የሰማሁት በጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ የተሰመረ ነበር። ጀርባና ጎን እንዳለው፣ ጎድጓዳ እንዳለው፣ እንደሚዞር ያን ቀን ነው የገባኝ።

ስለ ወንድሜ ግን አላሰብኩም። ለምን እንዳላሰብኩ አላውቅም። ምናልባት አድማሱን እኔም ሰነፍ ነው ብዬው ይሆናል፤ በልቤ።

ዓም ሐሰን ሌላ ልማድ ነበረው። ከሰዓት በኋላ ስንዘጋ የተረፈውን የሜታባይሰልፋይት ውሃ በር ላይ ይደፋዋል። ሲያድር ከአየሩ ኦክስጅን ስለሚጠግብ ከደም የሚነጥቅበት አቅም አይኖረውም። እኔ ያን ማየት አልችልም ነበር። በዚያ ካምፕ ሰው የሚደፋው ነገር አልነበረም። ከባዶ ጆንያ ስፌት ውስጥ የማሽላ ፍሬ በእንጨት እየቆረቆሩ የሚለቅሙ እናቶች ነበሩ። ዱቄቱ ደግሞ አንድ ጠርሙስ ብቻ ነው፤ ሌላ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም። እሱ ዕቃ ለማምጣት ገዳሪፍ በሄደ ቁጥር፣ «ድፋው» ይለኛል። «እሺ» እላለሁ። ግን በክዳን ጠርሙስ እየሞላሁ ከጠረጴዛው ሥር አኖር ነበር። ቁጠባ መስሎኝ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን መጻፍ ስለከበደኝ መጀመሪያ የሠራሁባቸውን ቦታዎች ልጨርስ። ከካምፑ በኋላ ዶካ ሦስት ዓመት፣ ጋላባት ስምንት ዓመት ሠራሁ። ጋላባት የነበረ አለቃዬ የወባ ስላይድ በቀን መቶ ካልሆነ አይረካም፤ መቶኛውን ማን እንደሚያምነው አላውቅም። ከዚያ ገዳሪፍ። ካምፑ ከተዘጋ በኋላ ዓም ሐሰን እዚያው ቤቱ ሆኖ ሞተ፤ ቀብሩ ላይ ነበርኩ። መንደር 8 ወደሚባለው መጠለያ ከአገራችን አዲስ ስደተኞች ሲመጡ ለጥቂት ወራት ሄጄ አገዝኩ፤ ያኔም የእኛን ቋንቋ ሲናገሩ መስማት ደስ አለኝ፣ ቅርም አለኝ። ዛሬ ያን ምርመራ በአሥር ደቂቃ የሚጨርስ ወረቀት አለ። ወጣቶቹ ጠብታ ያደርጉበታል፣ መስመር ይወጣል። ጥሩ ነው። እኔ እንደሠራሁት ዓይነት ስህተት አያሠራም።

እንግዲህ ስህተቱ ይኸው ነው።

በረሃቡ ሁለተኛ ዓመት ዝናቡ ተመለሰ። ሰሊጡ ያማረ ሆነ፤ አጫጅ በየቦታው ይፈለግ ነበር። አንድ ሐሙስ አድማሱ በሎሪ መጣ። ትኩሳት ነበረው።

«ሐኪም ሆነሃል አሉ» አለኝ በሩ ላይ ቆሞ።

«ሐኪም አይደለሁም ጋሼ።»

«ነጭ ለብሰህማ ማን ይለይሃል።» ተቀመጠና እጁን ዘረጋልኝ። «ና ደሜን እየው። ወባዬን አይደለም፤ ወባ የሌለበት ሰው የለም። ያችን የማጭዷን ምርመራ እናንተ ጋ አለ ሲሉ ሰማሁ። ምልክቱን ሲነግሩኝ እኔን የሚያወሩ መሰለኝ። በሚቀጥለው ሳምንት ባሱንዳ እርሻ ላይ አጨዳ ይጀመራል። ካለብኝ ለእርሻው ወኪል ነግሬ ውሃ ማመላለስ ላይ እገባለሁ። ከሌለብኝ…» አልጨረሰውም።

ዓም ሐሰን ገዳሪፍ ነበር። አዲስ ልበጥብጥ ወይስ ያለውን ልጠቀም ብዬ አሰብኩ። ለገዛ ወንድሜ ብዬ ዱቄቱን ብነካ ስርቆት መሰለኝ። ከጠረጴዛው ሥር ያለውን ጠርሙስ አወጣሁ። ውሃውን ለመጠየቅ የሚወጋው የዓም ሐሰን ጣትም አልነበረም። እሱ ራሱ ስለሌለ ያንን ክፍል ዘለልኩት። ቫዝሊኑን በጥንቃቄ ቀባሁ። አንድ ሰዓት ጠበቅሁ። አየሁ። ሁሉም ክብ ነበሩ።

የወባውንም ስላይድ አየሁ። ጥቂት ወባ አለ። ጥቂት ረዣዥም ሴሎችም አየሁ፤ እንደ አጃ ፍሬ ያሉ። ስዘረጋ ተጭኜው ነው ብዬ አለፍኩ።

«እንኳን ደስ አለህ ጋሼ» አልኩት። «ወባ ብቻ ነው። ያኛው የለብህም።»

«የለብኝም?»

«የለብህም።»

«በደንብ አይተኸዋል?»

«በደንብ አይቼዋለሁ።»

መሬቱን አየ። «እንግዲህ አባባ ልክ ነበር» አለ።

የምሥራች የነገርኩት መስሎኝ ነበር። የወባ ክኒኑን ሰጠሁት። በማግስቱ ጧት ሎሪው ላይ ሲወጣ፣ «ዘንድሮ ተቀምጬ የሚያየኝ የለም» አለኝ። ሳቅ አለ፤ የቀልድ ሳቁ አልነበረም።

ዓም ሐሰን የተመለሰው ከስምንት ቀን በኋላ ነው። በኩራት ነገርኩት።

«ከጎኑ የማንን ደም አደረግህ?» አለኝ።

«የማንንም።»

«ውሃው የመቼ ነው?»

ጠርሙሱን አሳየሁት። አልጮኸም። ጣቱን ወጋና ከዚያው ጠርሙስ አንድ ጠብታ ወስዶ ዘጋው። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይሰግድ ቁጭ ብሎ ጠበቀ። ከዚያ ወንበሩን ለቀቀልኝ። የእሱ ሴሎች ሁሉ ክብ ነበሩ።

«ይህ ውሃ እኔንም ንጹሕ ነህ አለኝ» አለ። ቀጥሎ የአድማሱን የወባ ስላይድ ጠየቀኝና ብዙ ጊዜ አየው። «እነዚህን ያለ ውሃውም የተጣመሙትን ረዣዥሞች አይተሃቸው ነበር?»

«አይቼ ነበር።»

«ያ ወለድ!»፣ አንተ ልጅ፣ አለና ቀሪውን በዓረብኛ ተናገረ። ከዚያ ድምፁ ወረደ። «ወንድምህ የት ነው?»

«ባሱንዳ፤ አጨዳ ላይ።»

«ተነሥ። ውሃ አጠጣው፣ ከፀሐይ አውጣው። ሎሪ አሁን አለ።»

ባሱንዳ አልደረስኩም። ዶካ ስወርድ አንድ የአገራችን ሰው አወቀኝና፣ «አንተ የሙሽራው ወንድም አይደለህም? ከትናንት ጀምሮ እኮ ጤና ጣቢያ ነው» አለኝ።

ከግቢው ውስጥ ከሣር ዳስ ሥር አንገረብ በሚሉት የጠፍር አልጋ ላይ ተኝቷል። ከእግሩ ሥር ደባልቄ የሚባል ትልቅ ሰውዬ ተቀምጧል። «ሙሽራው» የሚለውን ስም ያወጣው እሱ ነው። ከእርሻው እስከ መንገዱ በጀርባው ተሸክሞ ያመጣውም እሱ ነው።

«አምስት ቀን ቀና አላለም» አለኝ ደባልቄ። «መስመሩን ከእኔ ቀድሞ ይጨርሳል። ተቀመጥ እንጂ ስለው ይሰድበኛል። ምን እንደነካው እንጃ።»

አድማሱ የሚተነፍሰው በአፉ ነበር፤ አጭር አጭር። ደረቱን ይዟል። እንደ ሐኪም ሰው ሳየው ሳንባው ውስጥ እንደዘጋበት ገባኝ። በአንገረቡ ጎን መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

«ጋሼ፣ ያ ምርመራ ልክ አልነበረም» አልኩት። «ውሃው ያደረ ነበር። እኔ ነኝ ያስቀመጥኩት። አለብህ። ከተወለድክ ጀምሮ አለብህ።»

ዓይኑን ወደ እኔ መለሰ። «ምኑ?»

ለማስረዳት ሞከርኩ። የዓም ሐሰንን ያህል አልቻልኩም። ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከም ነገር አለ፣ የአንተ አንዲት ቦታ ላይ ተለውጧል፣ ስትደክምና ስትጠማ ቅርጹን ይቀይራል፣ እርስ በርሱ ይያያዛል፣ ገመድ ሆኖ መንገድ ይዘጋል አልኩት። ተደነቃቀፍኩ።

«እና ስቀመጥ?» አለ።

«ስትቀመጥ ልክ ነበርክ። መቀመጥ ነበረብህ።»

ከዚያ ራሱን ወደ ደባልቄ አዘነበለ። «ሰማህ አንተ?»

«ሰማሁ» አለ ደባልቄ። «አሁን ውሃህን ጠጣ።»

«ቆይ። ምን አለ?»

«ታመሃል አለ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከተወለድክ ጀምሮ አለ፤ ጠጣ እንጂ ወንድሜ!» ደባልቄ ፊቱን አዞረ።

አድማሱ ጥቂት ተጎነጨ። ከዚያ እጄን ያዘ፤ እጁ ትኩስ ነበር። «አንተም ልጅ» አለኝ፣ «እውነቱን ስምንት ቀን ቀደም ብለህ ብታመጣው ምን ነበረበት?» ሊቀልድ ነበር። ሊስቅ ሲል ደረቱ ያዘው። ሲተወው፣ «ለአባባ ጻፍለት» አለኝ። «አሁን እንዳልከው አድርገህ ጻፍለት።»

በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ሞተ። ዶካ ቀበርነው። ቄስ አላገኘንም፤ ከአጫጆቹ አንዱ ዲያቆን ነበርኩ ያለ አነበበለት። ደባልቄ ከዚያ ቀን በኋላ ያን ቅጽል አንሥቶ አያውቅም፤ ሌላው ሰው ሲያነሣም ይቆጣ ነበር።

ደብዳቤውን በሳምንቱ ጻፍኩ። በሁለት ገጽ ሁለት ነገር ነው የጻፍኩት። አንደኛው፣ አድማሱ ሰነፍ አልነበረም፤ ከእናትና ከአባት በእኩል የወረሰው የደም ሕመም ነበረበት የሚል ነው። ሁለተኛው፣ መርምሬ የለብህም ያልኩት እኔ ነኝ፣ ያንን ባልለው ዛሬ በሕይወት በነበረ የሚል ነው። ሰይድ ለሚባል ወደ መተማ ለሚመላለስ የአገራችን ነጋዴ ሰጠሁት። አባባ ማንበብ አይችልም፤ እንዲያነብለት ለመንኩት።

ሰይድ የተመለሰው ከሁለት ወር በኋላ ነው። ሱቁ ድረስ ሄድኩ።

«አነበብክለት?» አልኩት።

«አነበብኩለት። ከበረቱ አጠገብ ቆሞ ነበር። የመጀመሪያውን ሳነብ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለ። ድገምልኝ አለኝ። ደገምኩለት። ሰነፍ አልነበረም የሚለውን ብቻ ለይተህ አንብብልኝ አለኝ። ለይቼ አነበብኩለት። ሦስት ጊዜ።»

«ሁለተኛውንስ?»

ሰይድ የሱቁን ሚዛን በእጁ አስተካከለ። «እሱን ጀምሬ ነበር» አለኝ። «ሳልጨርሰው ተነሥቶ ወደ ቤት ገባ። ጠበቅሁት፤ አልወጣም። ወረቀቱን ለእናትህ ሰጥቼ መጣሁ።»

«የቱ ጋ ስትደርስ ነው የተነሣው? የእኔ ስም ጋ ደርሰህ ነበር?»

«እኔ እንጃ፣ ወንድሜ» አለ ሰይድ። «ዓይኔ ወረቀቱ ላይ ነበር።»

በአገራችን ጦርነቱ አብቅቶ መንገዱ ተከፍቶ እኔ ራሴ እስክሄድ አባባ በዚያው ክፉ ዘመን ሞቶ ነበር። እናቴን ስለ ደብዳቤው ጠየቅኋት። ወረቀቱን ከሳጥን አውጥታ ሰጠችኝ፤ የሚያነብ ሰው በቤቱ አልነበረም፣ እሷም አታነብም። ሁለተኛው ገጽ እኔ እንዳጠፍኩት ታጥፎ ነበር፤ ሰይድ መልሶ አጥፎት ይሁን ጭራሽ ሳይከፍተው አላወቅሁም። ምን እንደተጻፈበት ጠየቀችኝ።

አጠገቧ ተቀመጥኩና አነበብኩላት።